የራቢአ ቡና መፍጫ

ቡራዩ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ የራቢአ ካፌ አለች። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የማኪያቶ ማሽን፣ ሲጮህ ሰፈሩን የሚያስበረግግ አንድ የቡና መፍጫ። ተማሪው ግን በማኪያቶው ተስቦ አልነበረም የሚመጣው። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ዋይፋይ በነጻ» የሚል ተጽፏል።

የራቢአ አባት ከስልጤ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷም ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስትፈጭ ነው የለመደችው። የኢንተርኔት መስመሩን ያስገባችው ዐረብ አገር የሄደችውን ልጇን ሲድራን በስክሪን ለማየት ነበር። ወተት ስታሞቅም ብርጭቆ ስታጥብም ለሲድራ የገጠመችላትን ታንጎራጉራለች፦

«የገፈርሳ ውሃ ከተማ ሲያጠጣ፣
እኔን ጥሙ ያዘኝ ወሬሽ እስኪመጣ።»

«እትዬ ራቢአ፣ አልበም አውጪ እንጂ!» ይሏታል ተማሪዎቹ።

«አወጣለሁ። ክሊፑ ላይ አንተ ሰሃን ታጥባለህ።»

ባትሪ ያለቀበት ሁሉ ስልኩን ለእሷ ይሰጣል። እሷም ባንኮኒው ስር ባለው የዳቦ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትሞላለታለች። እናት ቤት የገባ ያህል ነበር፤ ማንም «ይጠፋብኛል» ብሎ አያውቅም።

የዙሪያውን የገበሬ መሬት ከአዲስ አበባ ጋር የሚያካትተው የማስተር ፕላን ጉዳይ አገሩን ባናወጠበት ዓመት ግን ያ ሳቅ ደረቀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የራቢአ መስመር በሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ሳይቋረጥ ቀረ፤ እሷ እንደ ዕድል ቆጠረችው። ተማሪው አጥሩ ስር ሳይቀር ተኮልኩሎ ስልኩ ላይ ያቀረቅር ጀመር። ጎማ የሚቃጠል ሽታ ከመንገዱ ሲመጣ ሁሉም ቀና ይላል፤ ሁሉም መልሶ ያቀረቅራል።

አንድ ቀን ጠዋት ሚልኬሳ እያለከለከ ገባ። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። የአባቱ መሬት ፕላኑ ውስጥ ገብቷል ይባላል። ሸሚዙ አቧራ ለብሷል።

«እትዬ፣ ባትሪው ሞተ። ትንሽ ይሙላና ልላከው።»

«ምኑን?»

«መንገድ ላይ የሆነውን። ቀርጬዋለሁ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ቻርጀሩን ሰካችለት፤ ሻይ ቀዳችለት። ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ፉት አለ።

ሻዩን ሳይጨርስ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ፤ ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅላ የቡና ፍሬው ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው።

ሦስት ሰዎች ገቡ። ሁለቱ መሳሪያ ይዘዋል። ጃኬት የለበሰው «ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ!» አለ። ሁሉም አወጣ። የሚልኬሳ ጠረጴዛ ባዶ ነበር።

«ያንተስ?»

«የለኝም።»

«ተማሪ ሆነህ?»

«ታክሲ ውስጥ ሰርቀውት ነው፣ ጋሼ» አለች ራቢአ ከባንኮኒው። «ትናንት እዚሁ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ነበር።»

ሰውየው ዞሮ አያት። ያኔ ቆርቆሮው ውስጥ ስልኩ ጠራ።

ድምፁ ታፍኗል፤ ፍሬው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ቆርቆሮው ይንዘረዘራል። ሚልኬሳ ዓይኑን ጨፈነ። ራቢአ የመፍጫውን ቁልፍ ተጫነች።

ካፌው በጩኸት ተሞላ።

«አጥፊው!»

«ማኪያቶ ልሥራላችሁ ብዬ ነው!» ብላ ጮኸች፤ መፍጫው ባዶውን እየዞረ። ከዚያም ፍርሃቷ እንዳይታይ ዘፈነች። የገፈርሳ ውሃ፣ ጥሙ ያዘኝ፣ ወሬህ እስኪመጣ። የልጇ ዘፈን ባላሰበችው ልጅ ላይ ዞረ፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ሊበጠስ ደረሰ።

«ሴትዮዋ አብዳለች» አለ መሳሪያ ከያዙት አንዱ፤ ሳቀ። ጃኬት ለባሹ ግን አልሳቀም። በእጁ ለተማሪው ሁሉ ወደ በሩ ጠቆመ፤ «ውጡ!» ሲል አፉ ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ድምፁ አልተሰማም። የዋይፋዩን ሳጥን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ሽቦው እየተጎተተ ይዞት ወጣ።

መኪናው ሄደ። መፍጫውን ስታጠፋ ስልኩም ዝም ብሏል። ሚልኬሳ ከተማሪዎቹ ጋር ይሂድ ወይ መኪናው ውስጥ ይግባ አላየችም፤ ዓይኗ ከቆርቆሮው አልተነሳም ነበር።

ከቀትር በኋላ ስልኩ እንደገና ጠራ። ስክሪኑ ላይ «አዮ» ይላል፤ እናቱ ናቸው። ምን ብላ ታንሳው? «ልጅዎ ቻርጅ ሊያደርግ ሰጥቶኝ ነበር» ትበል? እስኪያቆም አየችው። ደግሞ ጠራ። ያንን ሌሊት ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ትራሷ ስር አድርጋ፣ እንቅልፍ ሳይወስዳት አነጋች።

በማግስቱ «አዮ» ሲመጣ አነሳችው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ ራቢአ?»

በኦሮምኛ ደህንነቷን የጠየቃት የሚልኬሳ ድምፅ ነበር።

«የት ነህ አንተ? የት ነህ!»

«ሱሉልታ፣ እናቴ ጋ። በገፈርሳ ባሕር ዛፍ ውስጥ ለውስጥ፣ ተራራውን ዞሬ ነው የመጣሁት። ጎጃም መንገድ ላይ ስደርስ የሱሉልታ ሯጮች ልምምድ ላይ ነበሩ። መሀላቸው ገብቼ ሮጥኩ። ማን ያውቀኛል!» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እትዬ፣ ስልኩ አንቺ ጋ ይቆይ። ለማንም እንዳትሰጪ።»

«እሺ፣ ልጄ። ነጋ፣ ነጋ!» ብላ በኦሮምኛው ሰላም ተመኝታለት ዘጋችው፤ ስልኩን መልሳ ፍሬው ውስጥ ቀብራ፣ ቆርቆሮውን አቅፋ አለቀሰች።

ሚልኬሳ እስካሁን አልተመለሰም፤ ስልኩም ከፍሬው ስር ነው። ግድግዳው ላይ «ዋይፋይ በነጻ» የሚለው ጽሑፍ አለ፤ ዋይፋዩ የለም። አዳዲስ ተማሪዎች እየገቡ ይጠይቃሉ፤ አንገቷን ትነቀንቃለች። ግርም የሚላቸው ሌላ ነገር ነው፦ መኪና ደጃፉ ላይ በቆመ ቁጥር፣ የተፈጨው ቡና ሞልቶ ሳለ፣ የራቢአ እጅ ወደ መፍጫው ይሄዳል።