የእህቴ ጨጓራ

እህቴ ጨጓራ የለባትም። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ለመናገር ወራት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ስጽፋትም ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

እኔ ሰው መቆጣት የማልችል ልጅ ነበርሁ። ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ መምህሩ ማርከር ሲያልቅበት ሮጬ የማመጣለት እኔ ነኝ፤ አክስቴ "አንቺማ ታዛዥ ነሽ" ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ዘመድ ቢኖር ይደነግጥ ይሆናል። ይደንግጥ።

ያደግነው ከመካነ ብርሃን ከተማ ወዲያ፣ ገብስና በግ ባለበት ደጋ ነው። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ጎንደር ገባሁ። እህቴ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መካነ ብርሃን ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። መስከረም ላይ፣ ትምህርት እንደተከፈተ፣ መብላት ተወች። ቀጥሎ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ ክፍል መግባት አቆመች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትውል ጓደኞቿ ደውለው ነገሩኝ። ምን እንደደረሰባት እዚህ አልጽፍም። የራሷ ነው፤ ከፈለገች እሷ ትጽፈዋለች።

አባቴ ወደ ጎንደር ላካት። ቁስቋም ሰፈር የምትኖረው ታናሽ እህቱ፣ አክስታችን፣ ተቀበለቻት። አክስቴ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የተማረች፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። ለእህቴ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት፤ ሹራብ ገዛችላት። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ገብታ "ምነው ልጅቱ እንዲህ ከሳች? ምን ሆና ነው?" ስትል ግን አክስቴ አፍታ እንኳ ሳታስብ "ጨጓራ ነው" አለች።

ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። የቢሮ ኃላፊውም፣ ቄሱም፣ መምህሩም አለባቸው። ማንም አያፍርበትም፤ ማንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያወራውም። በማግስቱ ጎረቤቶች ተልባ ይዘው መጡ።

"በባዶ ሆዷ ትጠጣው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።"

"አንቺን መች አዳነሽ? ትናንት እንኳ ስታቃስቺ አልነበር?"

"እሱማ የበርበሬው ጥፋት ነው። ተልባው ምን አደረገ?"

ተሳሳቁ። እህቴ በመካከላቸው ተቀምጣ ነበር። ወደ እሷ ዞሮ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ያለ ሰው አልነበረም።

አክስቴ አንድ ክሊኒክ ስትወስዳት እኔም ከግቢ ወጥቼ አብሬ ሄድሁ። ሐኪሙ የጠየቀው እህቴን ሳይሆን አክስቴን ነው።

"ምኗን ነው የሚያማት?"

"ጨጓራዋን ነው ዶክተር። ምግብ አይስማማትም።"

"እንቅልፍስ?"

"እያመማት እንዴት ትተኛ?"

"ዶክተር፣ እኔ የሚመስለኝ..." ብዬ ስጀምር አክስቴ በእጇ ጉልበቴን ጫን አደረገችው። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ታዘዘ። ባክቴሪያ አልተገኘም። መድኃኒቱ ግን ተሰጠን። ስንወጣ አክስቴ "ማሽኑ አላየው ይሆናል" አለች።

ጸበልም ወሰደቻት። እኔ በጸበል አምናለሁ፤ ልጅ ሆኜ ታምሜ የዳንሁትም እዚያ ነው። ነገር ግን አክስቴ ለካህኑም ጨጓራ ነው አለቻቸው። እሳቸውም በመስቀላቸው ሆዷን ዳበሱላት። ለእግዚአብሔር እንኳ ጨጓራ ነው ተብሎ ተነገረው። ስንመለስ እህቴ፣ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ፣ "እሱስ ያውቃል" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሆዴን እንዳልሆነ።"

ያን ዕለት አክስቴን ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ።

"አክስቴ፣ ጨጓራ እንዳልሆነ እኮ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እሷ ነገ ይሻላታል። ስሙ ግን አይለቃትም። 'ያቺ አእምሮዋን የታመመችው' እያሉ ሲጠሯት መስማት ትፈልጊያለሽ? ነገ ትዳር አለ፣ ሥራ አለ። እኔ ለእሷ ብዬ ነው።"

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሴሚስተር ጄኔራል ሳይኮሎጂ እንማር ነበር። ሞጁሉን ሲያነቡት ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ሰው ይጨንቀዋል፤ ወደ ባለሙያ ይሄዳል፤ ይናገራል፤ ባለሙያው ይሰማዋል። አንድ ቀን ክፍሉ ሲያልቅ መምህሩን ተከትዬ ወጣሁ።

"መምህር፣ ይህ ባለሙያ ጎንደር ውስጥ የት ነው የሚገኘው?"

"ለፈተና ነው?" አለኝ።

"አይ፣ ለእህቴ ነው።"

ቆመ። የሚያውቃቸውን ሰዎች ስልክ ከሞባይሉ እየፈለገ ሰጠኝ፤ "እስኪ ሞክሪ፤ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ" ብሎም ጨመረበት።

ደወልሁ። አንዱ ቦታ ልጅ ስለሆነች ወላጅ ይምጣ አሉኝ፤ ወላጅ ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ደጋው ላይ ነው። ሌላው ቦታ መድኃኒት የሚያዝ አለ፤ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ግን የለም። አንዲት ሴት "አስራ ስድስት ዓመት? ምን ጎድሎባት ነው የሚጨንቃት? የዛሬ ልጆች" ብላ ሳቀች። እኔም እንደለመድሁት "አመሰግናለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያ "አመሰግናለሁ" እስካሁን ያናድደኛል።

በመጨረሻ አንዲት አማካሪ ተገኘች። ወጣቶችን የሚያገለግል አንድ ቢሮ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ትመጣለች። እህቴን ይዤ ገባሁ። አማካሪዋ "እንኳን ደህና መጣሽ" ያለችው ለእህቴ ነው። እኔን "አንቺ ውጭ ትጠብቂናለሽ" አለችኝ። መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደምትል፣ ሁሉንም ነገር በልቤ አጥንቼ መጥቼ ነበር። ያጠናሁትን ይዤ ወጣሁ። እህቴ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ "የሚመጣው ማክሰኞም ታመጪኛለሽ?"

እንግዲህ አስቡት። አማካሪዋ ፊት ያለውን ወንበር ለማግኘት እህቴ ከተማ ውስጥ አክስት ያስፈልጋት ነበር፤ ስልክ የምትደውል፣ ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል የሌላት ታላቅ እህትም ያስፈልጋት ነበር። አክስትም እህትም የሌላቸው፣ መካነ ብርሃን ግድግዳ እያዩ የሚውሉት የት ይሂዱ? ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው እዚህ የምጽፈው።

ማክሰኞዎች አለፉ። አንድ ቀን ስንመለስ እህቴ ቆሎ ገዝታ መንገዱን ሁሉ እየቆረጠመች መጣች። ሌላ ቀን የድሮ የሒሳብ ደብተሬን ጠየቀችኝ። አክስቴ "አየሽ፣ የጨጓራው መድኃኒት ሠራ" አለች። ለአባቴም ደውላ ጨጓራዋ ተሽሏታል አለችው። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት አባቴ ሊወስዳት መጣ።

የአክስቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ዱላውን አጠገቡ አስደግፎ ተቀመጠ።

"ዕቃሽን አሰናጂ፤ ነገ ማኪና አለ" አላት። "ገብሱ ደርሷል፤ እናትሽም ናፍቃለች። ትምህርቱ ለከርሞ ይደርሳል። ለጨጓራ እንደሆን ተልባ እኛም ዘንድ አለ።"

ከተናገረው ውስጥ አንድም ስህተት አልነበረም። ለጨጓራ ከተማ መቀመጥ ምን ያደርጋል? ስሟን ይጠብቅላታል የተባለው ውሸት አሁን ማክሰኞዋን ሊወስድባት ነው። እህቴ ልብሷን ለማጠፍ ተነሣች።

"አባዬ፣ ጨጓራ አይደለም" አልሁ።

"ዝም በይ" አለች አክስቴ፣ በቀስታ።

"ዝም አልልም። ጨጓራ ኖሮባት አያውቅም። ምርመራውም የለባትም ብሏል። ለሐኪሙ ዋሽተሻል፣ ለቄሱ ዋሽተሻል፣ ለአባቷም ዋሽተሻል።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አባቴ አክስቴን አያት። "ምን ትላለች ይቺ?"

"ልጅ ናት አያ፤ ትምህርት በዝቶባት ነው።"

"እሷንም ጨጓራ አመማት?" አለ አባቴ። አልሳቀም።

ከዚያ ከዘመድ ማንም ያላደረገውን አደረገ። ወደ እህቴ ዞሮ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አላት።

እህቴ ምንጣፉን እያየች መለሰች። "ሆዴን አይደለም አባዬ። መኖር አስጠልቶኝ ነበር። አሁን ትንሽ ቀሎኛል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የምነግራት ሰው አለች። ከሄድሁ ግን ተመልሶ ይመጣብኛል።"

አባቴ ወደ አክስቴ ዞረ። "ስደውል ጨጓራ ነው አልሽኝ። እኔም በየገበያው ጨጓራ ነው እያልሁ ዋልሁ። ልጄ መኖር ሲያስጠላት እኔ ተልባ አስገዛ ነበር።"

"ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ላንተም ለእሷም ብዬ እኮ ነው አያ።"

"እኔ ሰው ነኝ? እኔ አባቷ ነኝ።"

አክስቴ አለቀሰች። ላጽናናት አልተነሣሁም። አባቴ ዱላውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

"ጸበል ገብተሻል?" አላት እህቴን።

"ገብቻለሁ።"

"ሸጋ። ማክሰኞሽ መቼ ነው?"

"ተነገ ወዲያ።"

"እንግዲያው ነገ አንሄድም።"

ማክሰኞ ሦስታችን ሄድን። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ከእህቴ ቀድሞ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ይህች ልጄ ከመስከረም ጀምሮ..." ብሎ ማስረዳት ጀመረ። አማካሪዋ ትንሽ ሰማችው።

"አባቴ፣ እርስዎን በሌላ ጊዜ አነጋግርዎታለሁ። አሁን እሷን ልስማት። ውጭ ይጠብቁን።"

ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"አስታማሚ ይወጣል እንዴ?"

"እኔንም አስወጥታኛለች።"

"አንቺንም?" ትንሽ የተጽናና መሰለ። "ምን እያለቻት ይሆን?"

"አላውቅም።"

"ኋላ አትነግርሽም?"

"ካልፈለገች አትነግረኝም።"

ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አዞረው። "ስለ እኔም ትናገር ይሆን?"

"ልትናገር ትችላለች አባዬ።"

በሩን ብዙ አየው። "ትናገር" አለ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ካርቶን ታቅፎ መጥቶ የበሩን እጀታ ያዘ። አባቴ ተነሥቶ ፊቱ ቆመ።

"ሰው አለ።"

"ዕቃ ላስቀምጥ ነው አባት፤ ወዲያው እወጣለሁ።"

"ልጄ እየተናገረች ነው። ስትጨርስ ታስቀምጣለህ።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ለሽማግሌው እንዳስረዳለት የጠበቀ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ በሩን ቀስ አድርጌ የማንኳኳለት እኔ ነበርሁ። ከወንበሬ አልተነሣሁም። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ እየተነጫነጨ ግድግዳውን ተደገፈ። አባቴም ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እንደቆመ ቀረ።