አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያቆመው ስልክ

ሥራ የጀመርኩት ደባርቅ ስልክ ጣቢያ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ጡረታ ሊወጡ ወር የቀራቸው ጋሽ መኮንን የሚባሉ ቴክኒሻን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና አንድ የጥርስ ብሩሽ አስረከቡኝ። ብሩሹን መልሼ፣ «ጋሽ መኮንን፣ የራስዎን ዕቃ ቀላቅለው ሰጡኝ» አልኳቸው።

«የባትሪው ነው» አሉኝ። «ዓርብ ዓርብ ጫፎቹን በሙቅ ውኃ ትፈትጋለህ፣ ግራሶ ትቀባለህ፣ ውኃው ከጎደለ ትሞላለህ። ሌላው ሌላው እየቆየ ይገባሃል።»

ሌላው ሌላው እንኳ ብዙም አልገባኝም። ዓርብን ግን ለዓመታት አላሳለፍኩም።

ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ የሺ የምትባል ኦፕሬተር ተቀምጣ ሰውን ከጎንደር ጋር ታገናኛለች፤ በሌላው ሬዲዮውና እኔ እንቀመጣለን። ባትሪዎቹ ከኋላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ናቸው፤ የሚሞላቸውን ጄኔሬተር የሺ ጧት ጧት ከደጅ ታስነሣዋለች። ማዕረጌ ጁኒየር ቴክኒሻን ነበር። ሲኒየሩ ማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወደ ሬዲዮው እጠቁመዋለሁ፤ በዕድሜም በልምድም ይበልጠኝ ነበር። ሲዘጋ ጎኑን በጡጫ መታ ሲያደርጉት ይናገራል።

በደርግ መጨረሻ ገደማ ያ ሬዲዮ ተነሥቶ አዲስ መጣ። ፈረንጁ ኢንጂነር ክዳኑን ከፍቶ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፣ በሁለት ጎኗ እግር የደረደረች ጥቁር ነገር አሳየኝ። አስተርጓሚው፣ «ቺፕ ትባላለች፤ ሁሉን የምታዘው እሷ ናት» አለኝ። አለቃ እንዲህ አንሶ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መጽሐፎቿን ከመኪና አወረዱ። አምስት ጥራዝ። ሦስቱ ስለ ቺፗ ብቻ። ኢንጂነሩ፣ «ሳይነበብ አይነካም» የሚል ወረቀት አስፈረመኝና በዚያው ቀን ተመልሶ ሄደ።

እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ዳባት የኔታ ጥበቡ ዘንድ ዳዊት ተምሬያለሁ። እሳቸው ዘንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አንዲት መስመር የዘለለ ኩርኩም ይቀምሳል። አናቴ ያን አልረሳም። አንደኛውን ጥራዝ ከሽፋኑ ጀመርኩ። ሳይነበብ አይነካም ብዬ ስለፈረምኩም አንብቤ እስክጨርስ ምንም ነገር ላለመንካት ወሰንኩ። የባትሪ ክፍሉን እንኳ ቆለፍኩት።

ንባቡ ጉድ ነው። አንዲት እግር መቼ ነቅታ መቼ እንደምትተኛ ለማስረዳት አሥራ አንድ ገጽ። ቺፗ የምትችለውን ብርድና ሙቀት የሚዘረዝር ሌላ ምዕራፍ፤ የስሜን ብርድ ለሷ ምንም አይደለም፣ እኔ ግን ምዕራፉን ያነበብኩት ጋቢ ደርቤ ነው። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ፣ «ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ።

ለየሺ አሳየኋት። «ታዲያ ባዶ ነው?» አለች።

«አይደለም፣ ተጽፎበታል።»

«ይኼን ለመጻፍም ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ» አለችና ወደ መስመሯ ተመለሰች።

የከተማው ካድሬ ሳይቀር ሊያይ መጣ። ጥራዞቹን በስንዝር ለካ። «ጓድ፣ ይኼን ሁሉ አንብበኸዋል?»

«እያነበብኩ ነው ጓድ።»

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኛም የፓርቲ መጽሐፍ እንዲሁ ወፍራም ወፍራም ነው። መቅድሙን አልጨረስነውም።» ከዚያ ቀን በኋላ ወዳጅ ሆንን።

በሦስተኛው ወር ስልኩ ዝም አለ። ቀይዋ መብራት ሦስቴ ብልጭ ትልና ታርፋለች፣ ደግሞ ሦስቴ ብልጭ። ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ነበርኩ። ማንበቡን አፈጠንኩ።

አፈጠንኩ ያልኩት ለኔ ነው። በር ላይ ለቆመው ሰው አይደለም። ከአምባራስ ሕመምተኛ በበቅሎ ጭኖ የመጣ ሰው፣ ጎንደር አልጋ መኖሩን ሳይጠይቅ መንገዱን መቀጠል አልቻለም። ከድብ ባሕር የመጣ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ደጃፋችን ተቀምጦ ዋለ። የሺ ለሁሉም፣ «እያነበበ ነው» ትላለች። ሰዉም የለቅሶ ቤት ይመስል ድምፁን ቀንሶ ይጠብቃል።

የስልክ ጣቢያ ስልክ መበላሸቱን ጎንደር የሰማው ከአውቶብስ ሾፌር ነው። መልሱም በዚያው ሾፌር እጅ መጣ። አለቃችን አቶ ደምሴ በአጭሩ ጽፈዋል፦ እስከ ሐሙስ ካልተሠራ መኪና ይዘው መጥተው ማሽኑን ለሌላ ጣቢያ ያነሡታል፤ ሠራተኞቹም ወደሚመደቡበት ይሄዳሉ።

የሺ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአልጋ ቁራኛ እናት አሏት፤ ከደባርቅ ንቅንቅ ማለት አትችልም።

«ስንት ገጽ ቀረህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ የሺ ሳትስቅ አይቻት አላውቅም።

ማክሰኞ ጧት የኔታ ጥበቡ ራሳቸው ከዳባት መጡ። ጎንደር ያለች እህታቸው ታማ ኖሮ ሊደውሉ ነው። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«የኔታ፣ ስልኩ እንቢ ብሏል።»

«አንተስ ምን እያደረግህለት ነው?»

«መጽሐፉን እያነበብኩ ነው።»

«ምን አለህ?»

«ስለዚህ ሕመም የሚናገርበት ቦታ ገና አልደረስኩም።»

«ከየት ጀመርከው?»

«ከመጀመሪያው ነዋ። እርስዎ አይደሉ እንዲያ ያስተማሩኝ?»

ጥራዞቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ስትማር ከመጀመሪያው ነው፤ አገልግሎት ስትቆም የዕለቱን ነው። ድጓን ለአንድ በዓል ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ማን አለ? ማኅሌቱ ሳይጀመር ዓመቱ ያልቃል። ይኼ ሣጥን ዛሬ ምን እያለ ነው?»

«ቀይ መብራቱ ሦስቴ ብልጭ ይልና ያርፋል።»

«እንግዲያ የሦስቴውን ግለጥ። እኔ እቀመጣለሁ።»

የሺ ከክፍሏ፣ «ይኼንኑ እኔም ስለው ነበር የኔታ፤ ጺም ስለሌለኝ አልሰማኝም» አለች።

አምስተኛው ጥራዝ መጨረሻ ላይ የመብራት ሠንጠረዥ ነበር። አንዴ ብልጭ፣ ሁለቴ ብልጭ፣ ሦስቴ ብልጭ። ከሦስቴው ፊት ለፊት ሁለት መስመር፦ የኃይሉ መጠን ሲወርድ ቺፗ እንዳትሳሳት ራሷን ታቆማለች፤ የባትሪውን ጫፎችና ውኃ ይመልከቱ።

ቁልፉን ይዤ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄድኩ። የባትሪዎቹ ጫፎች አሞሌ ስትልስ እንደዋለች በግ አፍንጫ ነጭ ሆነዋል። ውኃው ከመስመሩ በታች ወርዷል። ጄኔሬተሩ ሲያጉረመርም የዋለው ለከንቱ ነው፤ ኃይል የሚገባበት በር አልነበረም።

የሺ ከኋላዬ ቆማ፣ «መቼ ነው የጠረግከው?» አለች።

ቆጠርኩ። «ከአንደኛው ጥራዝ በፊት።»

ሙቅ ውኃ አምጥታ አፈሰሰች፣ እኔ ፈተግሁ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ ውኃ ሞላሁ፣ ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ከሰዓት በኋላ ቀይዋ መብራት ጠፍታ አረንጓዴዋ በራች። የኔታ እህታቸውን አነጋገሩ፤ ተሽሏታል።

ሐሙስ አቶ ደምሴ የጭነት መኪና ይዘው ደረሱ። ስልኩ ይሠራል። ቺፗን ዘለግ ላለ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ምን ሆና ነበር?» አሉኝ።

የሚያመቸኝ መልስ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ስለ እግሮቿ ያነበብኩትን ግማሽ ሰዓት ባወራላቸው፣ ያለ ጥርጥር ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዱ ነበር። ምናልባትም ዕድገት አገኝ ነበር። የሺ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ አውርዳ ታየኛለች። የሚሄደው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ እዋሽ ነበር። ግን ሌላ ቀን እንደገና ቢቆም፣ በኔ ውሸት ማሽኑንና እሷን አብረው ያነሷቸዋል።

«እሷ ምንም አልሆነችም» አልኳቸው። «ባትሪውን ሦስት ወር ሳልጠርግ ቀርቼ ነው። እያነበብኩ ነበር።»

ወደ ጥራዞቹ ዞሩ። «ስንት ገጽ አነበብህ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እኔ ዘንድም አንድ ቅጂ አለ» አሉ። «ሃያ ገጽ አላለፍሁም። አንተ ታነባለህ ብዬ ተማምኜ ነበር።»

ከዚያ አምስተኛውን ጥራዝ አስከፈቱኝ። የመብራቱን ሠንጠረዥ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በሁለት ቅጂ እንድገለብጠው አዘዙ፤ የባትሪውንም የዓርብ ጽዳት ከታች ጨምርበት አሉኝ። አንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ሌላውን ለቀሩት ጣቢያዎች አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እዚያው ቆመው ጻፉልኝ፤ ጥፋቴን ራሴ መናገሬን ግን በመጨረሻው መስመር አስገቡልኝ።

ሾፌሩ፣ «ጌታዬ፣ ማሽኑን ልጫን?» አለ።

«ማሽኑ ይቀመጥ» አሉ። «መኪናው ባዶውን አይመለስም። እነዚህን አራቱን ጥራዞች ጫን።»

የሺ እናቷ እስኪያርፉ ደባርቅ ሠራች። እኔም አልተነሣሁም።

ወጣት ቴክኒሻኖች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኼው ነው፦ ረጅም መጽሐፍ ሲሰጣችሁ ሥራችሁን አታቁሙ። የጎደለባችሁን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ያጠፋችሁትን ራሳችሁ ተናገሩ።