የባሕር ጃርቱ ቅባትና የከለከልሁት ምርቃት

ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ታቦር ሰፈር ባለው የእድራችን ቤት ስብሰባውን በምርቃት ልከፍት ተነሣሁ። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል። ዐይኔ ግን ፊቴ ካለው ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ... የቅባት ብልቃጦች ተደርድረውበታል።

ያስቀመጣቸው ፒያሳ ሱቅ ያለው የክርስትና ልጄ ናትናኤል ነው። ቀደም ብሎ ቤቴ መጥቶ፣ «የኔታ፣ የባሕር ጃርት የሚባል እሾህ የለበሰ የጨው ባሕር ፍጥረት አለ፤ ቅባቱ ከእርሱ የተቀመመ ነው። የማይገድለው ተሕዋስ የለም። በምርቃቱ መካከል አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል» ብሎኝ ነበር።

እኔም ሥነ ሕይወት የምታስተምረውን ልጄን ጠየቅኋት።

«አባባ፣ ነገሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም» አለችኝ። «በጃርቱ ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል። ግን ገና በቤተ ሙከራ እየተጠኑ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለውንማ ማን ያውቀዋል?»

ይህንኑ ነግሬው ቃሌን ከለከልሁት። ቃሌን ቢያጣ ምርቃቴን ሊወስድ መጣ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ ከፊቱ የቀረበ ነገር እንደ ተመሰከረለት ይቆጠራል። እርሱም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከፊት ወይዘሮ ዘነበች ቆመዋል። ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሏል። ሐኪም ያዘዘላቸውን ትተው ይህን ቅባት ለመጀመር የእኔን አፍ ይጠብቃሉ...

እጄን አጠፍሁ። «ዕቃው ከጠረጴዛው ይነሣ።»

«የኔታ፣ ምን አለበት?» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ይመርቁንና ቁጭ እንበል። የሰው እጅ እኮ ዛለ።»

«ይዛል።»

ናትናኤል ፈገግ አለ። «ይሄ ሳይንስ ነው የኔታ፤ በቅኔ አይመዘንም።» ጥቂቶች ሳቁ።

«በጃርቱ ላይ ክስ የለኝም» አልሁት። «ፈጣሪ የሰጠውን ጥበብም አልክድም። ተመራማሪዎቹ ገና እየመረመርን ነው የሚሉትን፣ አንተ አልቆለታል ብለህ ትሸጣለህ። ብልቃጡ እዚህ እስካለ ድረስ፣ ቢመሽም እዚሁ እናመሻለን እንጂ አልመርቅም።»

ከኋላ አንዱ «ግትር!» ሲል ሰማሁ። አልዞርሁም።

ወይዘሮ ዘነበች እያነከሱ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ ሰብስበው ለናትናኤል አስታቀፉት።

«እንካ የኔ ልጅ። እሳቸው ያልመረቁትን እግሬ ላይ አላደርግም። ነገ ወደ ሐኪሜ እመለሳለሁ።» ወደ እኔም ዞሩ። «እርስዎም አሁን ይመርቁን፤ በአንድ እግሬ ነው የቆምሁት።»

መረቅሁ። ናትናኤልንም በስሙ ጠርቼ መረቅሁት፤ ብልቃጦቹን እንዳቀፈ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

ቢቀየመኝ ይቀየመኝ... እኔ የምመርቀው ሰውን ነው፤ ሸቀጥን አይደለም።