የኋላ ጎማ ሰባ አምስት

ከዳንግላ የተነሳነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጫንነው የዘር ድንች የሚራገፈው ጥሊሊ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ግን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለው የባለቤቴ መቃብር ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከቀብሩ ወዲህ ሄጄ አላውቅም። የምንሄድበት ፒክአፕ የእሱ ነበር፤ ዛሬ የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ቢያድጌ ነው።

«እትዬ፣ ተመቸዎት?»

«መንገዱን እይ።»

ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ የኋላ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጥን። የባለቤቴ እግር ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ቢያድጌ በየለቅሶው በየሰንበቴው «ለቁርስ ስንቆም ጎማውን ያስተነፈሰችው እሷ ናት፤ መንገጫገጩን አልቻልኩም ብላ» አለ። ሰውም አመነው። እኔ የጎማ ክዳን ነክቼ አላውቅም፤ ሥራዬ ማንበብ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ የጎማ አየር መለኪያውን ይዞ ቁጢጥ ይላል፤ «በይ አንብቢልኝ» ይለኛል። የሾፌሩ በር ሲከፈት ከሚታየው ወረቀት ላይ «ሲጫን የፊት ስድሳ፣ የኋላ ሰባ አምስት» እለዋለሁ። ዛሬ የሚናፍቀኝ ያ «በይ» የሚለው ድምፅ ነው።

ቆሰበር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ዳገቱን ስንጨርስ መኪናው ከኋላ ይወላገድ ጀመር፤ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተን። ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ባለሙያው ጎማውን ነክቶ እጁን መነጨቀ።

«ወይ ጉድ! ድንቹ ለዘር ነው ወይስ ቀቅላችሁ ልትሸጡት?» መለኪያውን ሰካ። «አርባ አምስት! እንዲህ ግሎ አርባ አምስት ካለ፣ ሲበርድማ ምን ሊቀረው ነው? ማን አስተነፈሰው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቢያድጌ። «ትናንት ባዶውን መኪና ይዤ ወደ ማሳው ስወርድ ድንጋዩ ላይ እንዳይዘል ብዬ። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«ስትጭን መልሰህ ነፋኸው?»

«ረሳሁት።»

«ሁሌም ነው ያልከው?» አልኩት። «ያን ጊዜስ?»

ዓይኑን ከጎማው ላይ አላነሳም።

«ያን ጊዜም እኔው ነበርኩ፣ እትዬ። ከማሳ ጭኜ መጥቼ ለወንድሜ ሳስረክበው ‹ለክቻለሁ› አልኩት። መኪናው ሲገለበጥ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን መመለሻ አጣሁ።»

«እኔማ እንዳልነካሁት አውቃለሁ። ለእሱ ንገረው።»

ጎሚስታው «የሚለካው የበረደ ጎማ ነው፤ እስኪበርድ ጠብቁ» አለን። እኔና ቢያድጌ በባጃጅ ወደ ዘንገና ወረድን።

ዘንገና

ባለቤቴ እግሩ ታስሮ እንደተኛ «ይቅር ብዬሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ላላጠፋሁት! ያ ይቅርታ ከስድቡ ሁሉ በላይ መረረኝ። ወደ መቃብሩ ያላስኬደኝም እሱ ነው።

ቢያድጌ ባርኔጣውን አውልቆ ሁሉንም ተናገረ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ፤ ሌላ የመጣ ነገር የለም። እኔ የፈለግሁት ባለቤቴ ሲያፍር ላየው፣ ልቆጣው፣ ከዚያ ምሳ አቅርቤ አብሬው ልቆርስ ነበር።

መልስ

ቆሰበር ስንመለስ ጎማው በርዶ ነበር፤ ሰባ አምስት ተነፋ። ጥሊሊ አራገፍን፤ በመልሱ ባዶ ስለሆንን ጎሚስታው አየሩን በመለኪያ ቀነሰልን። ዳንግላ ስንደርስ አመሻሽ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ከአጥሩ ስር ተቀምጠዋል።

«ይውረዱ እንጂ፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ አንተ ውረድ።»

ገባው። ወርዶ ፊታቸው ቆመና ነገራቸው። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንድም ቃል ሳይቀር ሰማሁ። አንዷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ታዲያ አንቺ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አለች።

«ተናግሬያለሁ። ያመነኝ አጣሁ እንጂ።»

ከዚያ ወረድኩ።

ጎማ ሳይሞቅ እንደሚለካ፣ ጭነቱ ሲለወጥ ቁጥሩም እንደሚለወጥ ድሮም አውቅ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ስሜ የተመለሰልኝ ቀን ሮጬ ገብቼ የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ እንደሌለ።