ፉጨትና የሽቦው መጋረጃ

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት «ሜትር» እያለ ነው። መጋረጃ ሰፊ ናት። መስኮት አይታ ስፋቱን ትናገራለች፤ ሰው አይታ ደግሞ ጠባዩን። በሁለተኛው አልፎ አልፎ ትሳሳታለች፣ ግን ይህን ፊቷ ላይ የሚናገር ጀግና ገና አልተወለደም። እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ አብሬያት እኖራለሁ፣ የሰፋችውን እተኩሳለሁ፣ ስትቆጣም ቁጣዋ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ሳሎናችንና የስፌት ክፍላችን አንድ ናቸው። በአንዱ ግድግዳ በኩል የስፌት መኪናዎቹ፣ በሌላው የጨርቅ ጥቅል፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ከእኔ አልጋ የማያንስ የወፍ ቤት አለ። ያሉበት ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው። ትልቁ አረንጓዴ «አለቃ» ይባላል፤ ማንም ሳይሾመው የተሾመ ነው። ሰማያዊው «ፉጨት» ነው። የቀሩት ሁለቱ የአለቃ ጭፍሮች ናቸው፤ እሱ ሲነክስ ይነክሳሉ፣ እሱ ሲተኛ ይተኛሉ።

ፉጨትን ፉጨት ያሰኘው ጋሼ ነው፣ የአክስቴ ባል። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው። ድሮ ከመንገድ ሲመለስ ገና ከበሩ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ያፏጭ ነበር፤ መጣሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ስትሮክ መታውና ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። የምንለው ይገባዋል፣ የሚያስበውም አልጠፋበትም፤ ቃሉ ብቻ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ፉጨቱ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተረፈለት። ጠዋት ጠዋት ወንበሩ ላይ ሆኖ ያቺኑ ያፏጫል፣ ሰማያዊው ወፍ ይመልስለታል፣ እንዲህ ሲባባሉ ያረፍዳሉ። አክስቴ ለባሏ የምትመልሰው በንግግር ነው፤ ንግግሯ ደግሞ እንደ መጋረጃዋ ከጣሪያ እስከ ወለል ነው። እሱ ራሱን ይነቀንቅላታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚያ ቤት ጋሼን እኩል የሚያወራው ወፉ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ወፎቹ ተለቀው ክፍሉን ሲዞሩ፣ ነፋስ መስኮቱን ጓ አድርጎ ዘጋውና የፉጨትን ክንፍ መታው። የእንስሳት ሐኪሙ ክንፉን ከጎኑ ጋር አድርጎ በነጭ ፋሻ አሰረለት።

«ይድናል፤ ግን ለብቻው ያድርጉት» አላት። «ወፎች የታመመ ሲያዩ ይጨክናሉ።»

«የኔዎቹስ ጨዋዎች ናቸው! አብረው ነው ያደጉት» አለች አክስቴ።

ቤት እንደገባን እሷን ያሳሰባት የፋሻው መልክ ነበር። «ከፈን አስመሰለው እኮ!» አለችና ከመጋረጃ የተረፈ ቀይ ከፋይ ቆረጠች። ጫፉን ዘመዘመች፣ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ዶቃ ደረደረችበት፣ ከፋሻው በላይ ሰደርያ አድርጋ አለበሰችው። እኔም እጄን አጨብጭቤ «ሲያምርበት!» አልኩ። በኩራት ወደ ወፍ ቤቱ፣ ከሌሎቹ ጋር መለሰችው።

አለቃ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው። ከዚያ አንድ ዶቃ ለቀም አደረገ። ጭፍሮቹ ተከተሉ። ከዶቃው ወደ ላባው፣ ከላባው ወደ ቆዳው አለፉ። አክስቴ እጇን እስክታስገባ ድረስ ፉጨት ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ አናቱ ደምቶ ነበር። ሙሽራ አስመስላ የላከችው ወፍ ተዘርፎ ተመለሰ።

«እኔው ነኝ ያስበላሁት» አለች። ይህን ከአፏ ስሰማ ከደሙ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ።

ፉጨትን በትንሽ ሳጥን አድርገን እኔ የምተኩስበት ክፍል አስገባነው። ቁስሉ ደረቀ፤ እህል ግን እምቢ አለ። ላባውን ነፍቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ጋሼ ከሳሎን ያፏጭለታል፤ መልስ የለም። እንደገና ያፏጫል፤ ዝም። እያደር ጋሼም ተወው። ድሮም የማይናገር ሰው ዝም ማለቱ በምን ይታወቃል ትሉ ይሆናል፤ ያን ሰሞን ቤታችን ብትመጡ ይገባችሁ ነበር።

አክስቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባች። «ይሄ ወፍ መዳን አለበት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለወፉ ብቻ አይምሰልሽ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እትዬ» አልኳት ላጽናናት።

«የእኛ እንቁላልማ በእግሩ ሄዶ ጨርሷል፤ አሁን የምፈልገው ክንፉን ነው!» አለች። ቀልዷ ሲመለስ ልቤም ተመለሰ።

ለብቻው ይሙት፣ ወይ አብሯቸው ሆኖ ይበሉት የሚል ምርጫ አልዋጥላት አለ። ስለዚህ ትልቁን የወፍ ቤት መሃል ለመሃል በመጋረጃ ከፈለችው፤ ሌላ ምን ታውቃለች? የመጀመሪያው መጋረጃ ስስ ቱል ነበር፤ አለቃ ከምሳ በፊት ቀዳደደው። «የኔን ሥራ?» ብላ ፎከረችበትና ከመስኮት ወንፊት የተረፈ ሽቦ አመጣች። ጋሼ በደህና እጁ ሽቦውን ወጥሮ ያዘላት፣ እሷ በቆዳ መርፌ ከቤቱ ዘንግ ጋር ሰፋችው። የእህሉን ሳህን ከሽቦው ግራና ቀኝ አስጠግታ አስቀመጠች፤ እነሱ በዚያ፣ እሱ በዚህ፣ ፊት ለፊት እንዲበሉ። ፉጨት ሌሎቹ ሲበሉ አይቶ በላ። እኔ «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ማፏጨት ግን አሁንም የለም። ጋሼ ወንበሩን ወደ ወፍ ቤቱ አስጠግቶ በየጠዋቱ ይሞክራል፣ ፉጨት ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ማዶ ያለው አለቃ አፍጥጦ ያዳምጣል።

ፋሻው ተፈቶ ክንፉ መዘርጋት ሲጀምር ሽቦውን የምታነሳበት ቀን ደረሰ። አክስቴ አልቸኮለችም። ወፎቹን ሁሉ አወጣች፣ መቆሚያ እንጨቶቹን ቦታ ለዋወጠች፣ የወፍ ቤቱንም ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረችው። መጀመሪያ ፉጨትን ለብቻው አስገባች። «ባለቤቱ እሱ ይሁን፤ እነሱ እንግዳ ሆነው ይግቡ» አለች። አለቃ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። የማያውቀው ቤት ውስጥ እንደ ቆመ እንግዳ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወደ ፉጨት ተጠጋ። አክስቴ ከተጣሉ ልትገላግል ፎጣ ይዛ የወፍ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ጋሼ አፏጨ። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም።

ፉጨት ዝም አለ። የመለሰው አለቃ ነበር! ድምፁ የዛገ ማጠፊያ ይመስላል፣ ረጅሙንም መሃል ላይ ጣለው፤ ግን ራሷ ያቺው ነበረች። በሽቦው ማዶ ሆኖ ትምህርቱን ሲቀስም ከርሟል። ይህን ጊዜ ፉጨት ላባውን አራገፈ፣ አንገቱን ቀና አደረገና አንድም ሳያጎድል ጥርት አድርጎ አፏጨ፤ እንዲህ ነው የሚባለው የሚል ይመስል ነበር። አለቃ እንጨቱ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠው። ጋሼ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

አክስቴ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስትጨርስ እጄን ይዛ ወደ መተኮሻው ክፍል ጎተተችኝና በሩን ዘጋች።

«ማፏጨት አስተምሪኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«አለቃ የተማረውን እኔ ምን ያቅተኛል? ያ ሰውዬ ወፍ እስኪድንለት የሚያወራው አጥቶ ከረመ፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ።»

ከንፈሯን አሞጥሙጣ ነፋች፤ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ነፋች፤ አየርና ትንሽ ምራቅ። ሳቄን ዋጥኩ። ደጋግማ ስትነፋ ከአንድ ቦታ ቀጭን፣ የተንጋደደ ድምፅ ሾልኮ ወጣ፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም።

ከሳሎን መልስ መጣ። ወፉ መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። ወፎቹ ተደርድረው እህል ይለቅማሉ፤ ጋሼ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሮ፣ ከንፈሩን አሹሎ የእሷን ይጠብቃል።