የሲላስ ሃያ እርምጃ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ስንት እርምጃ ይወጣዋል? የሲላስን እኔ አውቀዋለሁ። ሃያ ነው።

ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰባት አባወራዎች ነን። የከተማው ፕላን እኛ ዘንድ አልደረሰም። አንዱ ባሕር ዛፍ ሲተክል የሌላው እንሰት ይጠወልጋል፤ ኩርፊያ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ መምህር፣ የአንዱ መብት የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያትት አሥራ አምስት ገጽ መተዳደሪያ ጻፍኩ። እድሩ ላይ ሳነበው ሁለት ሰው አንቀላፋ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው አናጢ፣ ሲላስ፣ ተነሣና «ባሕር ዛፍ ከሰው እንሰት ሃያ እርምጃ ይራቅ» አለ። አለቀ።

«በማን እርምጃ?» ተባለ።

«በራሱ በሲላስ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ችግኝ የያዘ ሁሉ የእኔን በር አልፎ ወደ እሱ ሄደ። ሲላስ ይረግጣል፤ እግሩ የቆመበት ወሰን ይሆናል። ቀናሁ። በመጀመሪያው ዓመት፣ ስህተት ላገኝበት ብዬ፣ ሰው ሲበተን የረገጠውን በሜትር ለካሁ። አሥራ ስድስት ሜትር። በሌሎች ሦስት ቤቶችም ለካሁ፤ ያው። በንዴት ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ያለ እግር ለእሱ ለምን?

የዛሬ አምስት ዓመት ጎረቤቱ ብዙነህ በሲላስ እንሰት በኩል ሊተክል ችግኝ አመጣ። ሲላስ ያን ጊዜ በከዘራ ነበር የሚሄደው። ሃያ ረገጠና ዞሮ አየ። እንሰቱ እዚያው አጠገቡ ነው።

«ብዙነህ፣ እግሬ እኮ አጥሯል። ይኼ አይቆጠርም።»

«አይ ጋሽ ሲላስ! ለእኛ ሲሆን ሕግ፣ ለእርስዎ ሲሆን አጠረ?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሚስቱ ሐዳሳ ብቻ አልሳቀችም፤ የዓመት ቀለቧ ያ እንሰት ነው። ሲላስ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ያኔ በሜትር ሲለኩ አይቼዎታለሁ። ቁጥሩን ይንገሩልኝ።»

ሠላሳ ዓመት አይቶኝ ዝም ብሏል! ይኼ ደግሞ ከሁሉም ባሰብኝ።

«የምን ሜትር?» አልኩት።

ችግኙ ተተከለ። ዛሬ ባሕር ዛፉ ከጣሪያ አልፏል፤ እንሰቱ ጠውልጎ ሐዳሳ ቆጮ ከገበያ ትገዛለች። ሲላስ እስኪሞት ድረስ በደጄ ባለፈ ቁጥር ከዘራውን ተደግፎ ይቆም ነበር።

«ቁጥሩን ብቻ፣ መምህር» ይለኛል።