የታፈነው ቁልፍ

ልጄ ሊዲያ ሰሚት ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ የብየዳ ሊድ ስታቀልጥ የሚወጣው መረር ያለ ጭስ፣ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋልን ገና በመለማመድ ላይ ላለሁት ለእኔ የእሑድ ከሰዓት ሽታ ሆኗል። ያረጁ የጌም ጆይስቲኮችን ፈትታ፣ የደከመ ሆድ ዕቃቸውን በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተክታ፣ ከዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ጋር እንዲግባቡ ማድረግ ትወዳለች። ባለፈው እሑድ፣ አንድ ዱላና አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ ያለውን የእኔን ጥቁር ጆይስቲክ ስትፈታ፣ ከቁልፉ ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አገኘች።

«አባዬ፣ ይሄን ጎማ ማነው የከተተው? ቁልፉን እኮ አፍኖታል። ላውጣው?»

«ቆዪ» አልኳት።

በልጅነቴ ቤታችን ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ በሚታፈስበት ወቅት ስለሆነ፣ እናታችን የኋላ ክፍል አስገብታ መስኮቱን በቁም ሣጥን ጋረደችበት። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበሩ፤ ከውጭ ያመጡትን ጌም ከአንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጋር «ልጁ ይፍታታበት» ብለው በአጥር በኩል አቀበሉን። እኔ ዕድሜዬ ገና ስለነበር እንደ ልቤ እወጣና እገባ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ የምሮጠው ወደዚያ ጨለማ ክፍል ነበር።

በጨዋታው መርከቡ የተመታበት ሰው «ሞተ» ይባል ነበር። እናቴ ግን ልጇን ከሞት በደበቀችበት ቤት ይህ ቃል እንዲነሣ አልፈቀደችም፤ አክብሮት ጨምረን «አረፈ» ብንል ደግሞ ባሰባት። በመጨረሻ እንደ ብይ ጨዋታ «ወጣ» ማለት ጀመርን። ከግቢ በር የማያልፍ ልጅ፣ «ወጣህ፣ አምጣ» ተብሎ ጆይስቲኩን ሲያስረክብ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ደምሴ ሳያንኳኳ ገባ። እኔ ወንድሜን አሸንፌ፣ በኩራት ተወጥሬ፣ ውሃ ልጠጣ ወደ ሳሎን ብቅ ማለቴ ነበር። ታደሰ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ ሐሳቤ ገና ከጨዋታው ስላልተመለሰ፣ «ወጣ» አልኩት።

«ወዴት ነው የወጣው?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወስዳ፣ «እንግዲህ ልጅ አይዋሽም፤ ወጣብኝ። ሱዳን ይግባ ኬንያ የነገረኝ የለም» አለችና እውነተኛ እንባ አነባች። ጓድ ደምሴ አጽናንቷት ሄደ። በሳምንቱ ሰፈርተኛው ሁሉ አገልግል እየያዘ መጥቶ የታደሰን ጨዋነት ሲያወሳ ዋለ፤ ታደሰ ራሱ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ የራሱን ምስጋና አዳመጠ፤ ያመጡለትንም ዶሮ በላ።

ያ ቃል ወንድሜን አተረፈው፤ በሩንም የቆለፈበት ያው ቃል ነው። ቀድሞ ሲመሻሽ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ አሁን ግን በአገር የሌለ ሰው ሆኗልና፣ ቢታይ ከእሱ ጋር እናታችንም መታሰሯ ነው። ሳሉን በትራስ ማፈን ለመደ። የቁልፉ ቀጭ ቀጭታ ከጎረቤት እንዳይሰማም፣ ጆይስቲኩን በቢላዋ ጫፍ ፈትቶ ከአሮጌው ብስክሌቴ ከመነዳሪ ቆርጦ ከሥሩ አስገባ። ድምፁ ጠፋ፤ ቁልፉ ግን ከበደ፤ የታደሰ አውራ ጣት እንደ ገበሬ ጣት ደደረ። ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ። እኔ ማትሪክ ወስጄ ሥራ ስይዝ፣ እሱ ዘወትር ማታ ማን እንዳገባ፣ የትኛው ሱቅ እንደተዘጋ ይጠይቀኝ ነበር፤ ስለ ጓደኞቹ መጠየቁን ግን ቀስ በቀስ ተወ።

የዕድሜ ልክ ሥራዬ መቁጠርና ማመሳከር ነበር፤ ባልደረቦቼ ይመስክሩ፣ ስሕተት ብዙም አይገኝብኝም። ሆኖም በዚያ ክፍል የቀረውን ለመመዘን ስሞክር፣ ከዓመታቱ ድምር ይልቅ ሚዛን የሚደፋብኝ አንድ ጠዋት ነው።

መንግሥት ተለውጦ ተኩሱ ጋብ ሲል እናታችን የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ታደሰ ጢሙን አበጥሮ፣ ለሰውነቱ የጠበበውን ኮቱን ለብሶ ወጣና፣ እሱና እኩዮቹ ይሰበሰቡባት በነበረችው የቅያሷ ማዕዘን ቆመ። ከእኩዮቹ ከፊሉ ዘምቶ አልተመለሰም፤ የቀረው በእውነት ወጥቷል። ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ የሰፈሩ ልጆች ቆም ብለው አዩት፤ አንደኛው በአክብሮት ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

ከኋላው ቆሜ ነበር። ከእኩዮቹ የሚጠራው ስም አጣ።

«ታደሰን» አለ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ እንደማያውቁት ነግረውት ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።